ቀኙ ጋለ፣ ግራው በረደ

ሰው ሁሉ «ባለ መዳፉ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት አሹፈውበት ነበር፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለው፤ አይ የሰው ነገር! በዚያ የጀልባ ጋራዥ ከአርባ ዓመት ወዲህ አንድ ሕግ ነበር። የትኛዋም ጀልባ ተጠግና ስታበቃ ሞተሯ ይነሳል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይሠራል፣ ከዚያ ባለ መዳፉ ወደ ሞተሩ ክፍል ወርዶ ቁጢጥ ይላል፤ ባለ ሁለት ጭስ ማውጫ ከሆነች ግራ መዳፉን በግራው፣ ቀኝ መዳፉን በቀኙ ላይ፣ ባለ አንድ ከሆነች ቀኙን ብቻ ያሳርፍና ዓይኑን ይጨፍናል። «ትሂድ» ካለ ትሄዳለች። «አትሄድም» ካለ ባለቤቷ ቢምልም፣ ቢገዘትም፣ ጥርሱን ቢያፋጭም አትሄድም።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ነገሩ ባዶ ጉራ አልነበረም። የጀልባን ሞተር እንደ መኪና ንፋስ አያበርደውም። ፓምፑ ከሥር ውሃ ይስባል፤ ውሃው ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ ጭስ ማውጫዎች ገላ ውስጥ ይዞራል፣ ብረቱን ያበርዳል፣ ኋላ ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ በጎማ ቱቦ አልፎ ወደ ውጭ ይተፋል። በአንዱ ወገን መንገዱ ከጠበበ ያ ወገን ይግላል፤ ከጋለ የጎማ ቱቦው ያራል፤ ቱቦው ካረረ ጭሱም እሳቱም ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች እንደ ጥንድ በሬ እኩል መሄድ አለባቸው። ባለ መዳፉ ያቺን ትንሽ መበላለጥ በቆዳው ያውቃት ነበር፤ በዚህ ማንም አያማውም። የሚታማው በምላሱ ነው።

ምላሱማ ምኑ ይወራል! ለእሱ ሌላው መካኒክ ሁሉ «ብሎን ቆጣሪ» ነው። ጀልባ የሚነዳ ሁሉ «መሪ ላይ የተቀመጠ ጆንያ» ነው። የገዛ ልጁን እንኳ፣ አስተማሪ ሆኖ ተከብሮ የሚኖረውን ልጁን፣ «ብረት ሲያይ የሚያዛጋ» ይለዋል። የልጁ ሚስት ደግሞ ሙያውን ተምራ እዚያው ጋራዥ መካኒክ ሆና ገባች። ይህን ጊዜ ደስ ሊለው ሲገባ ጭራሽ ባሰበት። «ልጄ የጣለውን ምራቴ አነሳችው፤ የልጅ ልጄ ደግሞ ድመቷን ያሠለጥናታል» እያለ ለአላፊ አግዳሚው ሲያወራ ሰነበተ። ምራቱ ትሰማለች፣ ፈገግ ትላለች፣ መፍቻዋን አንስታ ሥራዋን ትሠራለች። ነገር ማሳደር አታውቅም፤ ይህም ያናድደዋል።

ሰኞ ጠዋት ከማዶው ፋብሪካ ሠራተኛ የሚያመላልስ አንድ ካፒቴን ጀልባውን አመጣ። የመጣው ዘይት ሊያስቀይርና ሆዷን ቀለም ሊያስቀባ ብቻ ነው። ሥራው በዕለቱ አለቀ፤ ሞተሩ ተነሳ። ባለ መዳፉ ወረደ፣ ሁለት መዳፉን አሳረፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ቀኝ እጁን መንጭቆ አነሳ።

«ቀኙ ጋለ፣ ግራው በረደ» አለ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?» አለ ካፒቴኑ።

«ምኑ ይለኛል! ጀልባህ በአንድ ጎኗ እየነደደች አንተ መሪ ይዘህ ታፏጫለህ?»

«ጋሼ፣ የሸተተኝም ነገር የለ። የምትተፋው ውሃ በሁለቱም በኩል እኩል ነው።»

«እኩል ነው ይላል እኮ! በምን ሰፈርከው፣ በጭልፋ?»

ካፒቴኑ ትከሻውን ሰበቀ። ምራቱ ግን ከኋላ ሆና «አባባ፣ እስቲ በመለኪያው ልየው» አለች። መለኪያው ሽጉጥ ይመስላል፤ ብረቱ ላይ ቀይ ነጥብ ያሳርፍና ሙቀቱን በቁጥር ይጽፋል። ቀኙን አነጣጠረች፤ ስልሳ ሁለት። ግራውን አነጣጠረች፤ ስልሳ አንድ።

«እኩል ናቸው» አለች።

«እሱ መጫወቻሽ የሚያየው ቀለም ነው» አለ ባለ መዳፉ። «የሚያብለጨልጭ ብረት ካገኘ ይዋሻል። የሠራው ሰውዬ ራሱ ወረቀቱ ላይ ጽፎታል፤ ግን በዚህ አገር ማን ያነባል!»

በዚህስ አልተሳሳተም። ምራቱም ስለምታውቅ ከጥቁር ፕላስተር ሁለት እኩል ቁራጮች ቆረጠች፤ አንዱን በቀኙ፣ አንዱን በግራው ላይ ለጠፈችና መልሳ ለካች። ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ አንድ።

«ፕላስተር ለጠፍሽበት? እሰይ የኔ ሐኪም! ካልተሻለው ደግሞ መርፌ ትወጊዋለሽ» አለ። የጋራዡ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ትንሽ ሳቀች። ጀልባዋ ግን አልሄደችም።

ማክሰኞ የውሃ ፓምፑን ፈታ። ፓምፑ ውስጥ የጎማ ክንፎች ያሉት ዘዋሪ አለ፤ ሲያረጅ ክንፉ ይቆረጥና ቁራጩ ተጉዞ አንዱን የውሃ መንገድ ይወትፋል። ክንፎቹ አንድም አልጎደሉም። «ዛሬ ያልተቆረጠ ነገ መቆረጡ አይቀርም» ብሎ ተቆጣውና በአዲስ ቀየረው። ሞተሩ ተነሳ፣ መዳፍ ተጫነ፣ ቀኙ ጋለ። የቀኙን ቱቦ አወለቀ፤ ንጹሕ ነው። ጭስ ማውጫው ውስጥ ሽቦ ሰደደ፣ የዝገት ማሟሚያ አፈሰሰ፤ የወጣው ውሃ ሊጠጣ ምንም አልቀረው። በጭስ ማውጫውና ከላዩ በሚቀመጠው ክርን መሰል ቧንቧ መካከል ያለውን ማሸጊያ፣ ጋስኬቱን አወጣ፤ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ክፍት ናቸው። «ጋስኬት ድሮ ቀረ፤ ይሄ የብስኩት ካርቶን ነው» አለና እሱንም ቀየረው። ቀኙ ጋለ።

ሲፈታና ሲገጥም ደግሞ ብሎኖቹ ከግራ እጁ እያመለጡ ከሞተሩ ሥር ይገባሉ። «የዘንድሮ ብሎን!» ይላል፤ «እንደ ዘንድሮ ሰው ነው፤ ያዝኩት ስትል የለም።» ምራቱ በደረቷ ተኝታ በማግኔት እየለቀመች ታቀብለዋለች። አንዴ ብቻ ቀና ብላ እጁን አየችና ወደ ለቀማዋ ተመለሰች።

ረቡዕ አለቃው ራሱ መጣ። ጋራዡን ከአባቱ የወረሰ ሰው ነው። ባለ መዳፉ ሲድህ ያውቀዋል፤ ማወቁን ደግሞ በሳምንት ሦስት ጊዜ ያስታውሰዋል።

«ጋሼ» አለ አለቃው፣ «የሰውየው ጀልባ ከቆመች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሠራተኞቹ በሰው ጀልባ ላይ ተደራርበው ነው የሚሻገሩት። መለኪያው ደህና ናት ይላል፤ እርስዎ አይደለችም ይላሉ። እኔ የቱን ልስማ?»

«አባትህ ቢኖር ይህን አይጠይቀኝም ነበር።»

«አባቴ የለም። እንግዲህ አርብ እስከ ስድስት ሰዓት ጉድለቱን አግኝተው ካሳዩኝ መለኪያውን እኔው ራሴ ውሃ ውስጥ እወረውረዋለሁ። ካላገኙ ግን ከዚህ በኋላ የመጨረሻው ቃል የመለኪያው ነው። እርስዎም አርፈው ይቀመጡ፤ ይበቃዎታል።»

አርፈው ይቀመጡ! ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ተቀመጥ ሲባል የት ነው የሚቀመጠው? ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ቤት ውስጥ የሚጠብቁት አንድ ወንበርና አንድ ቴሌቪዥን ናቸው፤ ቴሌቪዥኑን ደግሞ ሰድቦ ሰድቦ ጨርሶታል። ሰው የሚያሰኘው ያቺ «ትሂድ» የምትል አንዲት ቃል ነበረች። እሷን ከነጠቁት ምን ቀረው? ታክሲ ውስጥ ቦታ የሚለቁለት ሽማግሌ ሆነ ማለት ነው። ይህን ሲያስብ ፈራ፤ በሕይወቱ ብዙ ጊዜ ስላልፈራ ፍርሃት መሆኑንም አላወቀም፤ ንዴት መሰለው።

«አፍንጫውን ስጠርግለት የኖርኩ ልጅ!» አለ፣ አለቃው ከግቢ እስኪወጣ ጠብቆ።

ሐሙስ ወደ መጨረሻው ዘዴው ሄደ። ዘዴውን ለጋራዡ ሰው ሁሉ ያስተማረው እሱ ነው፤ «ቀያይረህ እይ» ይባላል። ቀኝና ግራው መንታ ስለሆነ የቀኙን ዕቃ ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ ታዞራለህ። ሙቀቱ ከዕቃው ጋር ከተሻገረ ጥፋቱ የዕቃው ነው። ካልተሻገረ ዕቃው ንጹሕ ነውና ሌላ ፈልግ። በዚህ ዘዴ አርባ ዓመት ሙሉ ስንቱን ብረት አናዞታል። ክርኖቹን አቀያየረ፤ ቀኙ ጋለ። ቱቦዎቹን አቀያየረ፤ ቀኙ ጋለ። በመጨረሻ ከምራቱ ጋር ተጋግዘው፣ ወገባቸው እስኪላቀቅ፣ ራሳቸውን ጭስ ማውጫዎቹን አውልቀው አቀያየሩ። ሞተሩ ተነሳ። ቀኙ ጋለ!

«በስመ አብ!» አለ ባለ መዳፉ። «ይቺ ጀልባ ሰይጣን አለባት እንዴ?»

ምራቱ ላቧን በክንዷ ጠረገች። «አባባ፣ ሁሉንም አቀያየርን» አለች። «ያልቀያየርነው አንድ ነገር ብቻ ቀረ።»

«ምን ቀረ?»

ልትናገር አፏን ከፈተች፣ ፊቱን አየች፣ መልሳ ዘጋችው። «እንጃ። ነገ እናየዋለን» አለች።

«ነገ እናየዋለን! መካኒክ መሆንሽ በጀ፤ ሐኪም ብትሆኚ ኖሮ ስንቱን ታስቀብሪ ነበር።»

አርብ ረፋድ ላይ ሞተሩ እንደገና ተነሳ። ካፒቴኑ መጥቶ ወደ ሞተሩ ክፍል በሚያወርደው መሰላል ላይ ተቀምጧል። ምራቱ መለኪያዋን ይዛ ጥግ ቆማለች። ባለ መዳፉ በሁለቱ ጭስ ማውጫዎች መካከል ቁጢጥ ብሎ መዳፎቹን አሳረፈ። ቀኝ እጁ ወዲያው ተስፈንጥሮ ተነሳ፤ ግራው ባለበት ቀረ። ካፒቴኑ አራት ቀን ሙሉ የዋጠውን ነገር ዛሬ አልቻለም።

«ሐኪም ቤት ሄዶ በሽታ ይዞ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ» አለ። «ሐኪም ቤት ገብታ የታመመች ጀልባ ግን ያየሁት እናንተ ጋ ነው።»

ይቺ ነገር ባለ መዳፉን አንጀቱ ድረስ ገባችው። ቀኝ እጁን አንስቶ ካፒቴኑ ላይ ጣቱን ቀሰረ፤ በግራው ብረቱን ተደግፎ ንግግሩን ጀመረ።

«ስማ አንተ! እኔ እዚህ ሥራ ስገባ አንተ የወረቀት ጀልባ መሥራት አልጀመርክም። ይሄን የተደገፍኩትን ታያለህ? ግራው ነው። ይኸው፣ እንደ ጠዋት ግድግዳ በርዷል። ቀኙን ንካው ብልህ ግን እናትህን ነው የምትጣራው። ይህን ለማወቅ ቁጥር አያስፈልግም፣ ቆዳ ነው የሚያስፈልገው! እናንተ ቆዳችሁን የት ጣላችሁት? ቁጥር ካልተጻፈላችሁ መራባችሁን እንኳ አታውቁም። ሚስትህ ትኩሳት ይዟት ብትተኛ ግንባሯን በመዳፍህ በመዳበስ ፈንታ ባትሪ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ትዞራለህ። ወይኔ ዘመን! ወይኔ ሙያ! ይቺም አለች፣ ምራቴ፣ ሽጉጥ ታጥቃ ብረት የምታስፈራራ...»

ጣመው። ነገር ሲጥመው ደግሞ ማቆሚያ የለውም። የካፒቴኑን አባት አነሳ፣ መለኪያውን የሠራውን አገር አነሳ፣ የጎማ ነጋዴዎችን በሙሉ አነሳ፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ እንዲህ አለፈ። ሰውነቱን ሁሉ በግራ እጁ ላይ ጥሎ ነበር።

«አባባ፣ እጅዎ!» አለች ምራቱ።

«አታቋርጪኝ!»

«እጅዎን ያንሱ!» ብላ ጮኸች፤ መልስም አልጠበቀች፣ ተወርውራ አንጓውን ጨበጠችና መንጭቃ አነሳችው። በምራትነት ዘመኗ አማቷን እንዲህ አድርጋ ነክታው አታውቅም።

መዳፉ ቀልቷል። ከአውራ ጣቱ ሥር ቆዳው ነጭ ሆኖ አሟልጧል፤ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ውሃ ቋጥሯል። ባለ መዳፉ እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ትክ ብሎ አየው። ሕመሙን ጠበቀ። ሕመሙ አልመጣም።

ካፒቴኑ ከመሰላሉ ተነሳ። «ጋሼ... ምን ሆኑ?»

«ምን ያፈጥብኛል! ትኩስ ውሃ ነው የነካኝ። ሂድ፣ ሻይህን ጠጣ!» አለ። ድምፁ እንደ ወትሮው ነበር፤ ፊቱ ግን አልነበረም። ካፒቴኑ አይቶት ወጣ።

ምራቱ የውሃ ጠርሙስ አነሳችና እጁን ይዛ ከባልዲ በላይ ዘረጋችው። ባለ መዳፉ እንደ ሕፃን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ይሰማዎታል?» አለችው።

«ይሰማኛል እንጂ! ድንጋይ ነኝ?»

«ምን ይሰማዎታል?»

«ውሃው ነዋ! ይቀዘቅዛል።»

«ገና አላፈሰስኩም» አለች።

 ሞተሩ ብቻ ይሠራል። ከዚያ ባለ መዳፉ ማንም ሳያዘው ቀኝ እጁን አሻግሮ በግራው ጭስ ማውጫ ላይ አሳረፈ፤ እየጋለ በረደ ብሎ በመሰከረበት፣ አሁን እንደ ጠዋት ግድግዳ ነው ባለው ብረት ላይ። ወዲያው መንጭቆ አነሳው። ፈጀው። ቀኙንም በዚያው እጅ ነካ፤ ያው ነው፣ አንድ ዓይነት እሳት። ሙቀቱ ከእጁ ጋር ተሻገረ። ያልተቀያየረችው አንዲት ዕቃ ያቺ ግራ እጁ ነበረች።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይኸው ነው። አራት ቀን ሙሉ ፓምፑ ተሰደበ፣ ጋስኬቱ ተዋረደ፣ ንጹሕ ቱቦ ሌባ ተባለ፤ ሌባው ከእጅጌው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። አሁን ነገሩ ሁሉ መጣለት። ከአንድ ወር በፊት እጁ ሲነዝረው ተኝቼበት ነው ብሎ ተወው። ብርጭቆ ከእጁ ሲያመልጥ የብርጭቆውን ፋብሪካ ሰደበ። የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተው ልብስ ሰፊውን ረገመ። በዓለም ላይ ያልሰደበው ግራ እጁን ብቻ ነበር።

«አውቀሽ ነበር» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ትናንት ጠረጠርኩ። ለመናገር አፈርኩ።»

«አፈርሽ! አንቺ ያፈርሽው ለእኔ ነው።» ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ግን እጁን ለጨርቁ ዘረጋላት።

ምራቱ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ እየሸፈነች ቀስ ብላ ተናገረች። «አባባ፣ ይስሙኝ። ይቺ ጀልባ ጤነኛ ናት፣ ሰኞም ጤነኛ ነበረች። አለቃው ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል። 'ከዝገቱ ቁራጭ ተገኘ፣ አጸዳሁት' ቢሉት ማንም አይጎዳም። ትሄዳለች፣ ደህናም ትሠራለች። ሐኪም ቤት ደግሞ እኔ እወስድዎታለሁ። እኔ ምንም አላየሁም።»

እንዴት ያለች ልጅ ናት! ለካ አራት ዓመት ሙሉ ሲዘልፋት የኖረው ይቺን ነው። ባለ መዳፉ ነገሯን አላምጦ አየ፤ እውነት ለመናገር ጣመችው። ውሸቷን ማሳመር እንኳ ጀምሮ ነበር። ዝገት ከምል ይልቅ አሸዋ ብል ይሻላል፣ ስለ አሸዋ ማንም አይጠይቅም፤ ካፒቴኑንም «ጥልቀት ሳያይ እየነዳ አሸዋ ያስውጣታል» ብዬ አንዴ እዠልጠዋለሁ እያለ ነበር። መለኪያው ውሃ ውስጥ ሲገባ ታየው። «ትሂድ» ሲል ለራሱ ተሰማው።

ይህን ጊዜ ከወደቡ ጡሩምባ ተነፋ። የመንገደኞቹ ትልቅ ጀልባ ሰው ልትጭን ነው፤ ዘወትር ስድስት ሰዓት ላይ ትነሳለች፤ ስልሳ ሰው ትይዛለች። ባለ መዳፉ ጡሩምባውን ሰማና ክው አለ።

ያቺን ጀልባ ከዘጠኝ ቀን በፊት ያሳለፋት እሱ ነው። በዚህ ወር በእጁ ካለፉት መካከል ሁለት ጭስ ማውጫ ያላት እሷ ብቻ ነበረች፤ ሌሎቹ ባለ አንድ ናቸው። መዳፎቹን እንዳሳረፈ ዓይኑን ገልጦ «እንደዚህ እኩል የሆነ ሞተር በሕይወቴ አልነካሁም፣ ትሂድ!» ብሎ ነበር። ያን ዕለት ምራቱ ፈቃድ ላይ ስለነበረች መለኪያ ያሳረፈባት የለም። አሁን ነገሩን አሰበው። ጤነኛዋ የካፒቴኑ ጀልባ ግራዋ በርዶ ከተሰማው፣ ለዚህች ለደነዘዘች እጁ ከቀኙ እኩል ሆኖ የተሰማት ግራ ከቀኙ ይበልጥ ይነድ ነበር ማለት ነው። ያሞገሰው እሳቱን ነው፤ ያ እሳት ደግሞ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሳይብስ አይቀርም።

«ሽጉጥሽን ያዢ» አለ፤ ተነስቶም መሰላሉን በአንድ እጁ ወጣ። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እንደዚያ ሲሮጥ ያየው አልነበረም።

የግቢው በር ላይ ከአለቃው ጋር ተገጣጠሙ። አለቃው ሰዓቱን አየ።

«ጋሼ፣ ሩብ ሰዓት ቀርቶዎታል። አገኙት?»

«አገኘሁት። ደውልና ያቺ የመንገደኞች ጀልባ እንዳትነሳ አድርግ።»

«ምን ሆነች? ባለፈው ሳምንት እርስዎ ራስዎ አይደሉ 'ትሂድ' ያሉት?»

«ለዚህ ነው እንዳትነሳ የምልህ።» ጨርቁን በጥርሱ ፈታና መዳፉን ዘረጋለት። «ይቺ እጅ ሞታለች። የካፒቴኑ ጀልባ ምንም የለባትም። አራት ቀን ሙሉ የታመምኩት እኔ ነኝ። ደውል እንጂ፣ ምን ታየኛለህ!»

አለቃው መዳፉን አየ፣ ከዚያ ስልኩን አወጣ።

ወደቡ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ እየሠራ፣ ሰዉ እየተሳፈረ ነበር። ነጂው ስልኩን ዘግቶ ቁልቁል አያቸው። «ምነው ጋሼ፣ መዳፍዎ ናፈቃት እንዴ?» አለ። «'እንደ መንታ ናት' ብለው አልነበር የሸኙኝ? አሁን ደግሞ መንታዎቹ ተጣሉ?»

«ስድብህን አቆይልኝ፣ አንዱም አይቀርብህም። መጀመሪያ እሷ ትይ» አለ ባለ መዳፉ።

ምራቱ ወደ ሞተሩ ክፍል ወረደች። ፕላስተር ለጠፈች፣ አነጣጠረች። ድምፅዋ ከታች መጣ፦ «ቀኙ ሃምሳ ዘጠኝ!» ትንሽ ዘገየች። «ግራው... መቶ አስራ አራት!» ቀጥላ የግራውን የጎማ ቱቦ በካቻቢቴ ጫፍ ነካ አደረገችው፤ ካቻቢቴው እንደ በሰለ ዱባ ሰርስሮ ገባ። «አጥፋው! ቶሎ አጥፋው!» ብላ ጮኸች። ነጂው አጠፋው። የሚሰድበውን ስድብ ረሳው።

ሰው ይውረድ ተባለ። እዚህ ላይ ደግሞ ጉድ ፈላ። የቸኮለው ይቆጣል፣ ዕቃ ያሸከመው ይራገማል፣ አንዱ ይሳለቃል። «ሞተር የነካ ሁሉ መካኒክ ሆነ!» ይላል አንዱ። «እነዚህን ሰዎች ምን ያህል ብንታገሳቸው ነው!» ይላል ሌላው። ባለ መዳፉ ዕድሜ ልኩን ሲያፈሰው የኖረውን ቃል ሁሉ እዚያ ጣውላ ጫፍ ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ሰማው። መልስ አላጣም፤ ለእያንዳንዳቸው የሚሆን አፉ ላይ ነበር፤ ግን አልመለሰም። መልሶ በጨርቅ የጠቀለለውን ግራ እጁን ከኋላው ይዞ፣ በቀኙ አሮጊቱንም ሕፃኑንም እየደገፈ ያወርድ ነበር። አለቃው አጠገቡ ቆሞ አንዴም ይረፉ አላለውም።

በመጨረሻ አንዲት ወፈር ያለች ሴት ሁለት ሻንጣ አንጠልጥላ ጠርዙ ላይ ደረሰች። ላቧ ይንጠባጠባል፤ ዓይኗ ይገላምጣል።

«ለመሆኑ» አለች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማላት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ይቺን ጀልባ ደህና ናት ብሎ ያሳለፋት ደንቆሮ ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እመቤቴ» አለ ባለ መዳፉ፤ እጁን ዘረጋላት። «ቀስ ብለው ይውረዱ፣ ጣውላው ያዳልጣል።»